የሰፈራችን ድምፅ በራሳችን እጅ ይሁን



ይህች የግድግዳ ጋዜጣ በሰሌዳችን ላይ መለጠፍ ከጀመረች ወዲህ ስለ ውኃ ፈረቃ፣ ስለ ቦይ ጠረጋ፣ ስለ ዕድር መዋጮ፣ ስለ ጠፋ በግና ስለ ተገኘ መታወቂያ ስናወራባት ቆይተናል። ዛሬ ግን ስለ ራሷ ስለ ጋዜጣዋ መነጋገር ግድ ሆኗል። በመጪው ጠቅላላ ስብሰባችን ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ የእርሷው ዕጣ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የሰፈራችን ባለሀብት የወረቀቱንና የማባዣውን ወጪ ለአንድ ዓመት ሙሉ እኔ ልቻል ብለዋል። ማለፊያ ሐሳብ ነው፤ እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን ከችሮታው ጋር አንዲት ቃል ተከትላ መጥታለች፤ ይኸውም «ከመለጠፏ በፊት እኔ ልያት» የምትል ናት። እኛ አዘጋጆቹ በዚህች ቃል ላይ ያለንን ሐሳብ ሳንገልጽ ዝም ብንል፣ ነዋሪው ኋላ «ምነው ሳትነግሩን?» ቢለን መልስ አይኖረንም። ሰውየው ቅን ጎረቤት ናቸው፤ በኀዘንም በደስታም ከማናችንም ኋላ ቀርተው አያውቁም። የምንከራከረው ከቃሏ ጋር እንጂ ከእሳቸው ጋር አይደለም። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

ወሬ የማን ነው?

አገራችን ወሬ የሚያደርስላት አጥታ አታውቅም። የመንግሥት ቃል በነጋሪት እየተጎሰመ ይነገር ነበር፤ ዛሬም ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ «ነጋሪት» የሚል ስም መያዙ ከዚያው የመጣ ነው። ያ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ወሬ ነው። ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚሄደውን ወሬ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ መንገድ አበጅቶለታል። ጎሕ ሳይቀድ በየመንደሩ እየዞረ ጥሩምባውን ነፍቶ እገሌ አርፈዋል፣ ቀብሩ በዚህ ሰዓት በዚህ ቦታ ነው እያለ የሚያስታውቀውን የዕድር ለፋፊ የማያውቅ ማን አለ? እስቲ ይህን ሰው ልብ ብለን እንየው። የሚከፈለው ከዕድርተኛው መዋጮ ነው። ለሀብታም ረዝሞ ለድሃ አጥሮ አይነፋም። ያልሞተን ሞተ አይልም፤ ቢል በማግሥቱ በማን ደጅ ያልፋል? አለቃው አንድ ሰው ሳይሆን ዕድርተኛው ሁሉ ስለ ሆነ ማንም ደጁን ዘግቶ «ዛሬ አትንፋ» ሊለው አይችልም። እንግዲህ «ነጻ የሕዝብ መገናኛ» እየተባለ በትልልቅ ስብሰባ የሚወራለት ነገር በእኛ ሰፈር በጥሩምባ የቆየ ነው።

ወደ አፋር ወገኖቻችን ብንሻገር ደግሞ ዳጉን እናገኛለን። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቆመው ወይም ቁጭ ብለው ከሰላምታው ቀጥሎ ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ ግጦሽ የት እንዳለ፣ ከብት የት እንደ ታመመ፣ እንግዳ ሰው በየት እንዳለፈ። ያዩት ካዩት ጋር፣ የሰሙት ከሰሙት ጋር ተለይቶ ይነገራል። ያን የሰማ ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው መንገደኛ ያደርሳል። አጣሞ የነገረ በወገኑ ፊት ይነወራል፤ በባህሉም ይጠየቃል። በረሃ ላይ የተሳሳተ ወሬ ከብት ይፈጃል፤ ሰውም ያስጨርሳልና። ከዳጉ የምንማረው ትልቅ ነገር ወሬን ማድረስ የአንድ ሰው ሥራ ሳይሆን የመንገደኛው ሁሉ ግዴታ መሆኑን ነው።

«የእኛ ወረቀት ትንሽ ናት፣ ማን ያያታል?» ለሚሉም አንድ ነገር እናስታውስ። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የአማርኛ ጋዜጣ ታሪክ የተጀመረበት «አእምሮ» መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይታደል ነበር። ሃያ አራት! የእኛዋ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተለጥፋ ከዚያ የሚበልጥ ሰው ያነባታል። የትንሽነት ነገር የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳፍረው በሌላ ሰው እጅ መያዝ ነው።

ወሬ ሲጠፋ አሉባልታ ይነግሣል

ዛሬ ስልክ በየኪሱ ገብቷል። አንድ ወሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመድረስ ቡና እስኪፈላ እንኳን አይፈጅበትም። ታዲያ ወሬው በዛ እንጂ ዕውቀቱ በዛ ማለት እንችላለን? ባለፈው ጊዜ «ሰፈሩ ሊነሣ ነው» የሚል ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዛመት የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ማን እንደ ጻፈው አይታወቅም፤ ቀን የለው፣ ማኅተም የለው። ግን አዳሩን በየቤቱ ገብቶ አደረ። በማግሥቱ ደላሎች እንደ ተጠሩ ሁሉ በየበሩ መቆም ጀመሩ። «አሁን ብትሸጪ ይሻልሻል፣ ኋላ ምንም አታገኚም» የተባሉ እናቶች አሉ። እንቅልፍ ያጡ አሮጊቶች አሉ። አጥር ለማደስ የገዛውን ቆርቆሮ መልሶ የሸጠ አለ።

ያን ጊዜ ከመካከላችን ሁለት ሰዎች ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደው ጠየቁ። ያገኙትን መልስ ማን እንደ መለሰ፣ በየትኛው ቀን እንደ ተመለሰ ጨምረው በዚህች ጋዜጣ ላይ ጻፉት። ጽሑፉ አጭር ነበር። «ተብሏል» የምትል ቃል አልነበረችበትም። ወሬው ሙሉ በሙሉ ጠፋ አንልም፤ ነገር ግን ደላላው በር ላይ ሲቆም «ቆይ፣ ሰሌዳው ምን ይላል?» የሚል ሰው ተገኘ። ይህች «ቆይ» የምትል ቃል ብዙ ቤት አድናለች። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ያሉት አባቶች ይህን ሲሉ ነው። መላው የሚጨመረው ግን ሄዶ የሚጠይቅ፣ ጠይቆም የሚጽፍ ሰው ሲኖር ነው።

እንግዲህ ትልልቆቹ ጋዜጦችና ራዲዮኖች ስለ አገርና ስለ ዓለም ይነግሩናል፤ ይህ ሥራቸው ነው። ከኛ በታች ያለው ቦይ መደፈኑን፣ የጋራ መብራቱ ቆጣሪ መቃጠሉን፣ የጤና ጣቢያው የክትባት ቀን መዛወሩን ግን ማን ይነግረናል? ይህን የምናውቀው እኛው ነን፤ የሚጎዳንም እኛኑ ነው። ስለዚህ የምንናገረውም እኛው መሆን አለብን።

ነጻ ማለት ምን ማለት ነው?

አንዳንድ ሰው «ነጻ» ሲባል የሚሰማው መሳደብ፣ ወይም ከባለ ሥልጣን ጋር መጋጨት ነው። ይህ ስሕተት ነው። ነጻ ማለት ማንንም አለመፈለግ ማለትም አይደለም፤ ያለ ጎረቤት ማን ኖሮ ያውቃል? እኛ ነጻ የምንለው፣ የሚጻፈውን የሚወስነው ሰው እንዲጻፍ ወይም እንዳይጻፍ ጥቅም ያለው ሰው አለመሆኑን ነው። ወረዳው ሲሠራ ሠራ፣ ሲዘገይ ዘገየ ለማለት መቻል። ባለሀብቱ ሲረዱ ማመስገን፣ ቦዩን የደፈነው አሸዋና ጠጠር የእሳቸው ግንባታ ከሆነም «ይነሣልን» ብሎ መጻፍ። ከዚያም አልፎ የማኅበራችንን ኮሚቴ ራሱን «የመዋጮው ሒሳብ የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ። ይህን ማለት የማትችል ወረቀት ማስታወቂያ እንጂ ጋዜጣ አትባልም።

አሁን ወደዚያች ቃል እንመለስ። «ከመለጠፏ በፊት እኔ ልያት።» ዛሬ ሰውየው አይተው ምንም ላይሰርዙ ይችላሉ። ነገር ግን እሳቸው እንደሚያዩት ያወቀ ጸሐፊ ገና ብዕሩን ሲያነሣ ራሱ መሰረዝ ይጀምራል። ስለ አሸዋው ሊጽፍ ያሰበው ልጅ «ኧረ ተወው፣ ወረቀቱ የእሳቸው ነው» ይላል። ማንም ሳይከለክለው ይከለከላል። ቁጣ የለ፣ ጠብ የለ፤ ግን ቦዩ እንደ ተደፈነ ክረምት ይገባል፤ ጎርፉም ከታች ባሉት ቤቶች ይገባል። የሰው ወርቅ አያደምቅም ማለት ይኸው ነው።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ገንዘቡን ከየት እናምጣው የሚለው ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ በቦሊቪያ የቆርቆሮ ማዕድን ቆፋሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከደመወዛቸው እያዋጡ የራሳቸውን የራዲዮ ጣቢያ በየማዕድኑ አቋቋሙ። ኋላ ቁጥራቸው ከሃያ በላይ ደረሰ። ጣቢያው የሠራተኛ ማኅበሩ ነበር። ስብሰባው ይተላለፍበታል፤ የልደትና የሞት ወሬ፣ የእግር ኳስ ጨዋታ፣ የጠፋ ልጅ ማፈላለጊያ ሁሉ ይነገርበታል። ችግር ያለበት ሰው ሄዶ በማይክሮፎኑ ይናገርበታል። በሐምሌ 1980 እ.ኤ.አ. የጦር መኮንኖች ሥልጣን በኃይል ሲይዙ እነዚህ ጣቢያዎች እርስ በርስ ተያይዘው፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ እየተቀበለ ለሕዝቡ እውነቱን ሲያሰሙ ቆዩ። ጦሩ በየተራ እየደረሰ ዘጋቸው፤ ግን አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይናገር ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይህ ነው።

የእነዚሁ ጣቢያዎች ታሪክ ሌላም የሚያስተምረን ነገር አለው። በ1985 እ.ኤ.አ. የቆርቆሮ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወድቅ፣ መንግሥትም ማዕድኖቹን ሲዘጋ ከ20,000 በላይ ቆፋሪዎች ከሥራ ወጡ። ደመወዝ ሲቆም መዋጮው ቆመ፤ መዋጮው ሲቆም ብዙዎቹ ጣቢያዎች ዝም አሉ። ጠመንጃ ለዘለቄታው ዝም ሊያሰኛቸው ያልቻላቸውን የአንድ ገቢ መድረቅ ዝም አሰኛቸው። ስለዚህ አንድ ምንጭ፣ የራስ ምንጭም ቢሆን፣ አስተማማኝ አይደለም። የአንድ ባለሀብት ኪስ ደግሞ ከዚያም ይጠባል። ሰውየው ቢታመሙስ? ቢሸጡና ቢሄዱስ? ገበያው ቢከፋባቸውስ? ያን ቀን ጋዜጣዋ ከእሳቸው ጋር ትታመማለች፤ ከእሳቸው ጋር ትሄዳለች።

በአሜሪካ በካሊፎርኒያ በርክሌይ በምትባል ከተማ ሉዊስ ሂል የተባለ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በሚያዝያ 1949 እ.ኤ.አ. «ኬ.ፒ.ኤፍ.ኤ.» የተባለ ራዲዮ ጣቢያ አቋቋመ። የንግድ ማስታወቂያ አናስተላልፍም፣ የሚያዳምጠን ሰው ይርዳን አሉ።  በሚቀጥለው ዓመት በነሐሴ ገንዘቡ አለቀና ጣቢያው ተዘጋ። ያን ጊዜ አድማጮቹ ራሳቸው ተነሥተው ገንዘብ አሰባሰቡ፤ በ1951 ጣቢያው ዳግመኛ ተከፈተ። ሰዎቹ ያን ያህል የታገሉለት የእኔ ነው ብለው ስለ ቆጠሩት ነው። በነጻ የተሰጠን ነገር ሲጠፋ ያዝናሉ እንጂ አይነሡለትም። ያዋጡበት ነገር ሲጠፋ ግን «የት ገባ?» ይባላል።

የሰው እጅን በተመለከተ ደግሞ ወደ አህጉራችን እንምጣ። በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ከተማ በአፓርታይድ ዘመን፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ራዲዮን የያዘው መንግሥት ስለ ነበረ፣ የሰፈር ልጆች የሕዝቡን ስብሰባና ንግግር በካሴት እየቀዱ ከእጅ ወደ እጅ ያስተላልፉ ነበር። ከዚያ ሥራ «ቡሽ ራዲዮ» ተወለደ። በሚያዝያ 1993 ፈቃድ ተከልክለው ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ ጀመሩ፤ ሰዓታት ሳይቆዩ ፖሊስ ደርሶ መሣሪያቸውን ወሰደ። በ1995 ግን ፈቃዱን አግኝተው በይፋ መናገር ጀመሩ። ካሴት ከማዞር የተጀመረው ሥራ ነው ኋላ ጣቢያ የሆነው። 

ለእኛስ ይህ አዲስ ነገር ነው? ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተማረው ያልተማረውን በየቀበሌው አዳራሽ ፊደል ያስቆጥር አልነበረም? በሰፈራችን ከሚገኙት አረጋውያን ውስጥ ስማቸውን መጻፍ የተማሩት በዚያ ጊዜ የሆኑ አሉ። አንዱ ያለውን ለሌላው ካካፈለ የሚያቅት ነገር የለም።

ስም ብቻ ነጻ አያደርግም

ከዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ነጻ ነኝ ያለ ሁሉ ለሕዝብ ይበጃል ማለት አይደለም። በሩዋንዳ በሐምሌ 1993 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው አንድ የግል ራዲዮ ጣቢያ «ነጻ» የሚል ቃል በስሙ ውስጥ ነበረው። ለዛ ያለው ንግግር፣ የተወደደ ዘፈን፣ የሰፈር ቀልድ ያሰማ ነበር፤ ሰው የወደደውም በዚሁ ነው። ይኸው ጣቢያ ግን ጎረቤትን በጎረቤት ላይ አነሣሣ፤ በ1994 በሦስት ወር ገደማ ውስጥ 800,000 ያህል ሰው ካለቀበት ዕልቂት በስተጀርባ ድምፁ ነበረ። ከመሥራቾቹ ሁለቱ በ2003 እ.ኤ.አ. በአሩሻ በተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸዋል። ጣቢያው የመንግሥት አልነበረም፤ የሰፈርም አልነበረም። በሥልጣኑ አቅራቢያ ያሉ ጥቂት ሰዎች ነበሩ የያዙት፤ አዳማጩም «ይህን ማን አየ? ማን ሰማ?» ብሎ የሚጠይቅበት በር አልነበረውም።

እኛም በዚህች አገር የዘር ስድብ በስልክ ሲሮጥ አይተናል፤ ያስከተለውንም አይተናል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1185 ወጥቷል። ሕግ ግን ከሆነ በኋላ ይቀጣል እንጂ ሳይሆን በፊት ደጃችን ላይ አይቆምም። ደጃችን ላይ መቆም ያለብን እኛ ነን። ስለዚህ ነጻነት የምንለው ነገር ከዳጉ ሕግ ጋር ካልሄደ አይበጅም፤ ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ሰማሁ፣ ያላወቅኸውን አላወቅሁም በል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለጠቅላላ ስብሰባው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ/ ስለ ገንዘብ። የጋዜጣዋ ወጪ ከነዋሪው በሚሰበሰብ ትንሽ መዋጮ ይሸፈን። ለምሳሌ 200 ቤት በወር 10 ብር ቢያዋጣ 2,000 ብር ይሆናል። አሥር ብር ዛሬ ምን ይገዛል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ያልቻለ አያዋጣ፤ ጋዜጣዋ ግን የእሱም ናት። ማንም ሰው፣ ባለሀብቱም ጭምር፣ ከተወሰነው ጣሪያ በላይ አይስጥ። እሳቸውም እንደ ማናችንም አሥር ብራቸውን ቢያመጡ እጅ ነሥተን እንቀበላለን፤ ደረሰኝም እንሰጣለን።

2ኛ/ ስለ ሒሳብ። የገባውና የወጣው በየወሩ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሌላውን ሒሳብ የሚጠይቅ ሰው የራሱን መደበቅ አይገባውም።

3ኛ/ ስለ አዘጋጆች። አዘጋጆቹ ከየመንደሩ አንዳንድ ሰው እየተመረጡ ይሁኑ፤ ሴቶች፣ ወጣቶችና አረጋውያን ይኑሩበት። ከአንድ ዓመት በኋላ ግማሾቹ ይቀየሩ። የማኅበሩ ሊቀ መንበርም ሆነ ገንዘብ ያዥ በአዘጋጅነት አይመረጥ፤ ሥራቸው የሚጻፍበት ነውና።

4ኛ/ ስለ እውነት። እያንዳንዱ ወሬ ማን እንዳየው ወይም ከማን እንደ ተሰማ፣ በየትኛው ቀን እንደ ሆነ ይጻፍበት። ሰውን የሚነካ ነገር ከሆነ ከሁለት ሰው ሳይጣራ፣ የሚነካውም ሰው ቃሉን ሳይሰጥ አይለጠፍ። ስሕተት ከተገኘ እርማቱ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን ፊደል ይውጣ። የቤተሰብ ገመና፣ የሰው በሽታ፣ የባልና ሚስት ጠብ በዚህች ጋዜጣ ቦታ የለውም።

5ኛ/ ስለ ማያነቡ ጎረቤቶቻችን። ፊደል ያልቆጠረ አለ፤ ዓይኑ የደከመ አለ፤ አማርኛ አፉን ያልፈታበትም አለ። ተማሪዎቻችን ከዕድር ስብሰባ በኋላ ጋዜጣዋን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡ። ኦሮምኛና ጉራጊኛ የሚችሉት ደግሞ ዋና ዋናውን በቃል ያስረዱ። አንብቦ የሰማም እንደ ዳጉው መንገደኛ በቡና ላይ ለጎረቤቱ ያድርስ።

6ኛ/ ስለ አጎራባች ሰፈሮች። ከላይና ከታች ካሉት ሰፈሮች ጋር ጋዜጣ እንለዋወጥ፤ የእነሱን በሰሌዳችን፣ የእኛን በሰሌዳቸው እንለጥፍ። ጎርፉ ከላይ ይመጣል፤ ቆሻሻው ወደ ታች ይሄዳል፤ ወንዙ አንድ ነው። ወሬውስ ለምን ይለያያል? ማባዣውንም በጋራ ብንከራይ ወጪው ይቀንሳል።

ከዚህ ያለፈውን ዛሬ አንነካውም፤ ሆኖም መንገዱ ዝግ አለመሆኑን ማወቅ ደግ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 የብሮድካስት ሥራን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ከፍሎት ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238ም የማኅበረሰብ መገናኛ ብዙኃንን ያውቃል። የማኅበረሰብ የሚባለው ለትርፍ ያልቆመ፣ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚይዘው ነው። እንግዲህ ብዙ ሰፈሮች ተባብረው አንድ ቀን በራዲዮ ለመናገር ቢያስቡ በሕግ ስም አላቸው። ግን አንድ ወረቀት በሥርዓት መያዝ ያልቻለ ማኅበር ራዲዮ አይዝም። ከወረቀቷ እንጀምር።

የሚነሡ ጥያቄዎች

«ቴሌግራም እያለ ወረቀት ለምን?» የሚሉ ወጣቶች አሉ። ቴሌግራሙን ማንም አይከለክልም፤ ጋዜጣዋም ፎቶ ተነሥታ ልትላክበት ትችላለች። ልዩነቱ፣ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ማታ ተጽፎ ጧት አይሰረዝም፤ የጻፈውም ሰው በዚያው በር በኩል ያልፋል። ቀና ብሎ የማያልፍ ሰው እንዲጽፍ አንፈልግም።

«ወረዳው ምን ይለናል?» የሚሉም አሉ። እኛ የምንጽፈው ወረዳው ራሱ ሊያውቀው የሚገባውን ነው። የተደፈነ ቦይ ሳይነገረው በጎርፍ ከሚያውቀው በጽሑፍ ቢያውቀው ይሻለዋል። ለሚመለከተው ክፍልም ቃሉን እንዲሰጥ ሁልጊዜ ቦታ እንተዋለን።

«ባለሀብቱ አይቀየሙም?» ይህ ጥያቄ ከሁሉም የከበደ ነው፤ የመንደር ሰው ነንና። መቀየም ሊኖር ይችላል። ነገር ግን አንድ ጎረቤት ዛሬ ቅር ቢለው በሽምግልና ይታረቃል፤ ሽማግሌዎቻችንም ለዚህ አይጠፉም። የሰፈር አፍ አንዴ በአንድ ሰው ቁልፍ ከተቆለፈ ግን የሚከፍተው ሽማግሌ የለም። እሳቸውም ቢያስቡት፣ ነገ እሳቸውን የሚጎዳ ወሬ ቢመጣ የሚያድናቸው ለማንም ያልተገዛች ጋዜጣ ናት። የእሳቸውን ንጹሕነት እሳቸው በሚከፍሉባት ወረቀት ብትመሰክር ማን ያምናታል?

ነዋሪዎች ሆይ፤ ይህች ጋዜጣ አንድ ገጽ ናት። በዝናብ ትረጥባለች፤ ልጆች ይቀዷታል፤ ፍየልም በልታት ታውቃለች። ያም ሆኖ በሰፈራችን ውስጥ ሁላችን እኩል የምንናገርባት ሌላ ቦታ የለችንም። በጠቅላላ ስብሰባው ዕለት ሁላችንም ተገኝተን እጃችንን እናውጣ። የማይስማማ ካለ መጥቶ ይናገር፤ ተቃውሞውን በሚቀጥለው ዕትም በዚሁ ቦታ ላይ ሳንቆርጥና ሳንቀጥል እናወጣዋለን። ገንዘብ ሳይሆን ጊዜ ያለው ጊዜውን ይስጥ፤ ጽሕፈቱ የሚያምር ይጻፍ፤ እግሩ የሚፈጥን ሄዶ ይጠይቅ፤ ድምፁ የሚያስተጋባ ያንብብ። ሁላችን ከያዝናት ማንም ብቻውን ሊይዛት አይችልም።

ከአዘጋጆቹ